የውሃ ሰደርያ

በለጥሻቸው ከስፌት ቤቱ ደጃፍ ደርሳ ልግባ አልግባ ስትል፣ ውስጥ የተቀመጠችው እድላዊት ቀና ብላ አየቻት። አይታም የስፌት መኪናዋን መርገጧን ቀጠለች።

«ምን እግር ጣለሽ?» አለቻት ቆይታ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ።

«ልብስ ላሰፋ ነው።»

«መካነ ሰላም ውስጥ ሰፊ ሞልቷል።»

«ሁሉንም ጠይቄያለሁ። እኔ የምፈልገውን የሚያውቅ የለም።»

እድላዊት ለአራት ዓመት የበለጥሻቸው ወንድም የአወቀ ሚስት ነበረች። የመሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ልጅ ናት፤ ስፌት የለመደችው የካህናት ልብስ በመስፋት ሲሆን፣ ካገባች በኋላም የደብሩ አልባሳት ከእሷ እጅ ወጥተው አያውቁም ነበር። አንድ የነሐሴ ቀን ግን እሷና ባሏ ተጣሉ። አወቀ የስፌት መኪናዋን ብድግ አድርጎ ከቤቱ ደረጃ ላይ ወደ ጭቃው ወረወረው። እድላዊት በዚያው ቀን ወደ አባቷ ቤት ሄደች፤ ተመለሺ ቢሏትም እምቢ አለች።

ሽማግሌዎች ሲቀመጡ አወቀ፣ «ራሷ ስታወጣው ወደቀባት እንጂ እኔ አልነካሁትም» አለ። በሰዓቱ ደጅ ላይ የነበረችው በለጥሻቸው ብቻ ነበረች። ተጠየቀች።

«አላየሁም» አለች።

በዚህ ቃል እድላዊት ያለ ምክንያት ትዳሯን የረገጠች ሴት ተባለች። ደብሩ «እጇ ረክሷል» ብሎ የቅዳሴውን ልብስ ለሌላ ሰፊ ሰጠ። መሪጌታም በየሰበቡ፣ «የሰው ልጅ ያስተምራል፣ የራሱን አላስተማረም» የሚል አሽሙር ይሰሙ ጀመር። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል።

እንግዲህ በለጥሻቸው የመጣችው እዚህች ሴት ዘንድ ነው።

«ምንድነው የምትፈልጊው?» አለች እድላዊት።

«ውሃ የሚያዝበት የሩጫ ሰደርያ።»

እድላዊት መኪናዋን አቆመች።

በለጥሻቸው የሃያ ሦስት ዓመት ሯጭ ነበረች። የከተማው ቡድን ውስጥ ካሉት አምስት ሴቶች አንዷ ናት። ረጅሙ ልምምድ ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ደርሶ መልስ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። አሰልጣኙ ንጉሡ ውሃውን ሞተር ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ይከተላል፤ የሚከተለው ግን ወንዶቹን ነው። ወንዶቹ ከፊት ናቸውና ውሃውም ከፊት ይሄዳል። ሴቶቹ ከመንገድ ዳር ቤት ገብተው ውሃ እንዳይለምኑ፣ የአንዳንዱ ጎረምሳ አፍ አያስጠጋም። ሃይላንድ በእጃቸው ይዘው ሲሮጡ አንድ ትከሻቸው ይደነዝዛል። ወገብ ላይ የሚታሰረውን የወንዶች ቀበቶ ሞክረውታል፤ እየተንሸራተተ ሆዳቸውን ይጨምቃል።

ባለፈው ዓመት አቀስታ ላይ በተደረገው የግማሽ ማራቶን ውድድር በለጥሻቸው አስራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ በውሃ ጥም ወደቀች። አንዱ በስልኩ ቀረጻት። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትወጣ፣ «ውሃ! ውሃ!» እያሉ ይጠሯታል።

ይህን ሁሉ ቆማ ተናገረች። እድላዊት ቁጭ በይ አላለቻትም።

«እሰፋዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ለአንቺ ብዬ አይምሰልሽ። እንዴት እንደሚሰፋ ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። ዋርሳዬ እንዳትይኝ። እህቴም እንዳትይኝ። ማክሰኞ ነይ።»

ማክሰኞ ስትመጣ እድላዊት ከልባሽ ጨርቅ ገበያ ሁለት የሚለጠጡ ሱሪዎች ገዝታ ፈትታቸዋለች። ሜትሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ «እጅሽን አንሺ» አለቻት። ደረቷን፣ ከጡቷ ሥር ያለውን፣ ወገቧን ለካች። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። በለጥሻቸውን ሲሰቀጥጣት፣ «ዝም ብለሽ ቁሚ» አለቻት፣ ለከብት እንደሚናገር ሰው።

የመጀመሪያው ሰደርያ አልሆነም። ብብቷን ልጦ አደማት። በለጥሻቸው አምጥታ ቁስሉን ስታሳያት እድላዊት አላዘነችም፤ ጨርቁን ገልብጣ የደም ምልክቱን አየችና ስፌቱን በሙሉ ወደ ውጭ አወጣችው። ሁለተኛው ላይ ውሃው ይንቦጫቦጭ ነበር። ጓሮ ወስዳ መቶ ጊዜ አስዘለለቻት፤ ራሷ ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ታዳምጣለች።

«በስተግራ ያለው ነው» አለች። «ኪሱ ሰፍቷል።»

ለሦስተኛው ሁለት ስስ ሃይላንድ መረጠች። ሁለቱን ከጡት ሥር፣ የጎን አጥንት ላይ፣ ጥብቅ ባለ ላስቲክ ኪስ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ውሃው ሲጎድል ላስቲኩ ፕላስቲኩን ይጨምቀዋል፤ ስለዚህ ባዶ ቦታ አይፈጠርም፤ አይንቦጫቦጭም። ማሰሪያው ደረት ላይ አያልፍም፤ ከኋላ ተሻግሮ ትከሻን ይይዛል። ይህን ያሰበች ራሷ ናት፤ ማንም አላሳያትም።

በመጨረሻው ልክ ላይ የሰደርያውን ጀርባ በስፒል እያያያዘች ሳለ እድላዊት ድንገት፣ «ለምን ዋሸሽ?» አለቻት።

«አልዋሸሁም። አላየሁም ነው ያልኩት።»

«ደጁ ላይ ቆመሽ ነበር። መኪናው ከመውደቁ በፊት ዓይን ለዓይን ተያይተናል።»

በለጥሻቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስፒሏ ቆዳዋን ነካ አደረጋት፤ ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን አላወቀችም።

«አባቴ በአስራ ስድስት ዓመቴ ሊድረኝ ነበር» አለች። «ትሩጥ ብሎ ያስጣለኝ አወቀ ነው። እሱ ባይኖር ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ነበርኩ። እሱን እንዴት...»

«ስለዚህ የእሱን ውለታ በእኔ ስም መለስሽ።»

«እማም ወንድምሽን ለባዳ አሳልፈሽ ትሰጫለሽ ወይ አለችኝ።»

«አራት ዓመት እንጀራችሁን የጋገርኩ ባዳ» አለች እድላዊት። «ጨርሻለሁ። አውልቂው፣ ስፒሉ እንዳይወጋሽ።»

ውድድሩ ጥቅምት ውስጥ አቀስታ ላይ ነበር። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አሰልጣኙ ንጉሡ ሰደርያውን ሲያይ ሳቀ።

«ሩጫ ነው ወይስ ወንዝ መውረድ? እንስራም ያዢበት እንጂ!»

ወንዶቹ ቀድመው ተለቀቁ። ሴቶቹ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ካለው የውሃ ጠረጴዛ ሲደርሱ ጠረጴዛው ባዶ ነበር፤ ባዶ ሃይላንድ ብቻ መንገዱ ላይ ተበትኗል። አጠገቧ የምትሮጥ የወረኢሉ ልጅ፣ «ያረቢ!» ብላ ጮኸች። በለጥሻቸው ፍጥነቷን ሳትቀንስ ከሰደርያዋ አንዱን ሃይላንድ መዝዛ ተጎነጨችና ወደ ኪሱ መለሰችው። አምና የወደቀችበትን ቦታ ስታልፍ እግሯ አልከዳትም። ሁለተኛ ወጣች።

ሜዳልያው እንደተጠለቀላት የውድድሩ አስተዋዋቂ ማይኩን ደቀነባት። «ሁሉም በውሃ ጥም ሲቃጠል አንቺ እየጠጣሽ ነበር! ይህን ልብስ ማን ሠራልሽ?»

ከገመዱ ወዲያ እናቷ ወይዘሮ አልታዬና አወቀ ቆመው ነበር። አወቀ በደስታ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሏል።

«ደሴ ነው የገዛሁት» አለች በለጥሻቸው።

በድምፅ ማጉያው ሜዳው ሁሉ ሰማው። የቡድኗ ልጅ ሄለን ግን ሰደርያው የት እንደተሰፋ ታውቅ ነበርና ፊቷን አዞረችባት።

በማግስቱ ቤት ውስጥ ዘመድ ተሰብስቦ ደስታ ሲሆን፣ አወቀ ሰደርያውን ከምስማር ላይ አውርዶ ለሰዉ ያሳይ ጀመር። «ይኸ ነው እህቴን ያስቀደማት!» እያለ አገላበጠው። ከዚያ ጠጋ አድርጎ አየው። ስፌቱ ወደ ውጭ የወጣ ነውና የክሩ ማሰሪያ ይታያል፤ እድላዊት ከካህናቱ ልብስ እንደለመደችው እያንዳንዱን ስፌት የምትዘጋው በትንሽ መስቀል ነው። አራት ዓመት ሸሚዙ ላይ አይቶታል።

«ደሴ ገዛሁት አላልሽም?»

«አወቀ...»

«የዚያችን ሴት እጅ ቤቴ አስገባሽብኝ!»

ቢላዋውን ከሥጋው ሳህን ላይ አነሳ። ሰደርያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው፤ ኪሶቹን አንድ በአንድ ቀደደ። በለጥሻቸው ልትቀማው ስትጠጋ በክርኑ ገፈተራትና ከግድግዳው ጋር አላተማት። ዘመዶቹ ሳህናቸውን ይዘው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ወይዘሮ አልታዬ፣ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው፤ ማን ከእሷ ዘንድ ሂጂ አለሽ?» አሏት።

«አይታችኋል?» አለች በለጥሻቸው ወደ ዘመዶቿ ዞራ። «ማን አየ?»

ሁሉም ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

ቁርጥራጩን ሰብስባ በቀጥታ ወደ እድላዊት ሄደች። እድላዊት በሩ ላይ አቆመቻት። «ደሴ ሂጂ» አለቻት። «ከገዛሽበት ሱቅ ይጠግኑልሽ።»

«ፈርቼ ነው። እናቴም እሱም ፊት ለፊት ቆመው...»

«ሁለት ጊዜ! ሽማግሌ ፊት አንድ፣ አገር ምድሩ ፊት ሁለት። ሦስተኛው ላይ መቃብሬ ላይ ቆመሽ ነው የምትክጂኝ? ውጪልኝ ከደጄ!» በሩን ዘጋችው።

እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አረፍ ብለው ነበር። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ደሳለው አሉ፤ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስም ፈንጠር ብለው ተቀምጠዋል። አወቀና እናቱ ገና ከቅጥሩ አልወጡም። በለጥሻቸው ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ከመሃል ቆመች።

«አባቶቼ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አላየሁም ያልኩት ውሸት ነው። አይቻለሁ። መኪናውን የወረወረው አወቀ ነው።»

አቶ ደሳለው ተቆጡ። «የተቋጨ ነገር ነው! አሁን ምን አድርጉ ነው የምትይን?»

«ያደረጋችሁትን እንድታውቁት ነው።»

«እብድ ናት!» አለ አወቀ ከኋላ። «በአንድ ጨርቅ ተጣልተን ነው።»

«እንግዲያው ማልልን» አሉት ደሳለው። «ይኸው ደጀ ሰላሙ።»

አወቀ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አየ። ሳይምል ዱላውን አንስቶ ሄደ። ወይዘሮ አልታዬ ሴት ልጃቸው አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ «ጡቴን ያጠባሁሽ ቀን ይረገም» አሉና ተከትለውት ወጡ።

በለጥሻቸው ወደ መሪጌታ ዞራ፣ «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች እያለቀሰች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። «እኔ ሰምቻለሁ» አሉ። «የተበደለችው ግን እኔ አይደለሁም፤ ከእኔ እጅ አትጠብቂው።» ይህን ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ሰው ልከው እድላዊትን ይቅርታ ጠየቁ። ደብሩም የተቀደዱ ልብሰ ተክህኖዎች በሻሽ ጠቅልሎ ላከላት። እድላዊት ጥቅሉን ሳትፈታ መለሰችው። «እጄ ረክሷል ሲባል ለሰጣችሁት ሰው ስጡ» አለች። አባቷ ቢለምኗትም አልሰማችም። ጥቅሉ ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

በለጥሻቸው እቃዋን በአንድ ማዳበሪያ ከትታ ከቤት ወጣች፤ ከሄለን ጋር አንድ ክፍል ተከራዩ። አወቀ መንገድ ላይ ሲያያት ይሻገራል። ሲሻገር ባየችው ቁጥር፣ ከአባቷ ጋር ስለ እሷ የተሟገተበት ቀን ትዝ ይላትና ያማታል።

የቡድኑ ሴቶች አንድ በአንድ እየሄዱ ሰደርያ አሰፉ። ከወረኢሉና ከአጅባርም ልጆች መጡ። እድላዊት ሁሉንም እየለካች፣ እያዘለለች፣ እያዳመጠች ሰፋች። በለጥሻቸው ወረፋ ይዛ ብትጠብቅም ተራዋ ሲደርስ እድላዊት ከኋላዋ ያለችውን ትጠራለች። እንዲህ እያለ አምስት ሳምንት አለፈ። በስድስተኛው ሌላ ሰው አልነበረም።

«ልክሽ ደብተሬ ላይ አለ» አለቻት እድላዊት። «ቅዳሜ ውሰጂ።»

ቅዳሜ ሄደች። ሰደርያው ተጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ለብሳ ዘለለች፤ ልክ ነበር።

«አባቶች ፊት ተናገርኩ እኮ» አለች በለጥሻቸው፣ ለመውጣት ስታመነታ።

«ሰምቻለሁ።»

«አሁንም ትጠይኛለሽ?»

«አዎ» አለች እድላዊት፤ ሌላ ጨርቅ ስባ መቀሷን አነሳች። «በሩን ስትወጪ ዝጊው፣ ንፋስ ያስገባል።»