ተጠቃሚ ሴቶች፦ ግማሽ

ዙሀይራ ከገሰራ ወደ እኛ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሮቤ ከተዛወረች ገና ሰባት ወሯ ነው። እኔ በጀት ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ዛሬ በስብሰባው ላይ የተጨበጨበው ግን ለእሷ ነው።

የከተማው በጀት ለሴቶችና ለድሆች ምን እንዳደረሰ ገምግማ አቀረበች። ያ ሥራ የእኔ ነበር! «ተጠቃሚ ሴቶች» የሚለውን ቦታ በየዓመቱ የምሞላው የየቀበሌውን ሕዝብ ለሁለት ከፍዬ ነው፤ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። እሷ ግን ሰው ሁሉ ፊት፣ «ጋሽ ተክለማርያም፣ በበጀቱ የተሠራው አዲሱ ቦኖ ውሃ የሚሰጠው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ጉሊት የሚውሉት ሴቶች ያኔ ገበያ ናቸው። ግማሹን ከየት አመጡት?» አለችኝ። በዚያ ላይ በትሕትና! ሰው ሳቀብኝ።

ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ወለተኢየሱስ እጄን ስታስታጥበኝ፣ «ትናንት መሥሪያ ቤታችን የመጣች ልጅ በቦኖው ነገር በእኔ ላይ ስም ታተርፋለች!» አልኳት።

«ሂጃብ የምትለብሰዋ ቀጭኗ ልጅ?» አለች። «አውቃታለሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ቦኖው ጋ ከእኛ ጋር ተሰልፋ ነበር። ጀሪካኔንም አሸክማኛለች።»

«አንቺን ደግሞ ምን ጠየቀችሽ?»

ማስታጠቢያውን ቀና አደረገችው፤ ውሃው ቆመ።

«ይሄ የምትታጠብበት ውሃ እንዴት እንደሚመጣ ጠየቀችኝ» አለች። «አንተ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ የማታውቀውን።»