ከጣሪያው ሥር ያለው ቀዳዳ

ሽታ የሌለውን ነገር ሰው በምን ይጠነቀቀዋል? ዘሃራ ይህን ጥያቄ ስታነሣ ስትጥለው ሰነበተች። የማእድ ቤቱ ጋዝ እንኳ ቢያመልጥ ይከረፋል፣ «አለሁ» ይላል። የልጅ ልጇ አብዱልወዱድ ከውሃ የሚያወጣው ሃይድሮጂን የሚሉት ግን ሽታም መልክም የለው።

አብዱልወዱድና ጓደኛው ሃይላይ፣ ሁለቱም የምህንድስና ተመራቂ ተማሪዎች፣ የሃይላይን አባት አሮጌ ፊያት ያለ ቤንዚን ሊያስኬዱ ተነሥተዋል። ሃይድሮጂኑ በአንዲት ሣጥን ውስጥ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩ ሞተሩን ያዞራል፤ በጭስ ፋንታ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ ነው።

«ውሃ ብቻ ከሆነ ምነው በሩ ላይ እሳት ክልክል ነው ብለህ ጻፍህ?» ብትለው ሳቀ።

«እማ፣ አንቺ እኮ ፈታኝ መሆን ነበረብሽ!»

መጀመሪያ ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተው ሊሠሩ ነበር። የጓሮዋን ክፍል የለቀቀችላቸው ዘሃራ ናት፣ ልጁ ከዓይኗ እንዳይርቅ። እናቱን፣ አንድያ ልጇን፣ የደረት በሽታ ወስዶባታል፤ ዘሃራ ግን እስከ ዛሬ «ብርድ ነው የገደላት» ነው የምትለው። የቀራት እሱ ብቻ ነው።

እሱ ደግሞ ክፍሉን እንደተረከበ ከጣሪያው ሥር ሁለት ብሎኬት አወጣ። «ይቺን ቀዳዳ እንዳትነኪያት፣ ጋዙ የሚወጣባት ናት» አላት። እሺ አለች። ነገር ግን ንፋሱ በዚያ ገብቶ ላብ ባጠመቀው ማጅራቱ ላይ ሲያርፍ ባየች ቁጥር እናቱ ትዝ ትላታለች።

ማክሰኞ ዕለት ሲያስል ሰማችው። ሁለቱ ለምሳ ሲወጡ፣ ጋዝ የሚያወጣው ዕቃ እየተንተከተከ፣ ወደ ክፍሉ ገባች። ጎረቤቷ ትህትና ቤት ሲሊንደር ያፈሰሰ ጊዜ የተማረችው ነገር ነበር፤ ጋዝ ከባድ ነው፣ ወለል ወለሉን ነው የሚሄደው። ስለዚህ ይውጣበት ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥታ ቀዳዳውን በአሮጌ ሻሿ ወተፈችው። አሁን ልቧ አረፈ።

ከምሳ ሲመለሱ ሃይላይ ቀድሞ ገባና ጣሪያው ላይ ያለውን ማራገቢያ አበራ።

ድም!

ቆርቆሮው ተነሥቶ ተቀመጠ። «ያ ረቢ! ወዱዴ!» ዘሃራ ግቢውን እንዴት እንዳቋረጠችው አታውቅም። አብዱልወዱድ ደጅ ላይ ቆሟል፣ ደህና ነው። ሃይላይ ግን ቅንድቡ ተለብልቦ፣ የግራ እጁ ቆዳ ተልጦ ወጣ። ውሃ አፈሰሱለት።

«አጆኺ አደይ ዘሃራ» ብሎ በትግርኛው «አይዞሽ» አላት፤ «ቅንድቤ ድሮም አያምርም ነበር።»

አብዱልወዱድ ገባ፤ ዘግይቶ ወጣ። በአንድ እጁ የተሰነጠቀችውን ሣጥን ይዟል። በመጪው ሰኞ ፈታኝ መምህራኑ ፊት መኪናዋን የምታስኬደው ይህቺው ሣጥን ነበረች። በሌላው እጁ የጠቆረ ሻሽ ተንጠልጥሏል።

«እማ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም?»

«ብርዱ... ስታስል ሰማሁህ። በሩን ከፍቼልህ ነበር እኮ፤ ጋዝ በታች ነው የሚሄድ ብዬ...»

«ይሄኛው ወደ ላይ ነው የሚሄደው! ጣሪያው ሥር ተጠራቅሞ የማራገቢያው ብልጭታ አቀጣጠለው!»

«ታዲያ ምነው አልነገርከኝ?»

«እንዳትነኪያት አላልኩሽም?»

«ተዋት ወዱድ» አለ ሃይላይ እጁን እንደያዘ። «ትንሽ ትንሽ እንደሚያመልጥ እያወቅን ትተን የሄድን እኛም ነን።»

አብዱልወዱድ አልሰማውም። ወደ ቤት ገብቶ ልብሱን በሻንጣ ይከት ጀመር። ዘሃራ በር ላይ ቆመች።

«ወዴት ነው? ዓዲ ሓቂ ነው? ሁለተኛ አልነካም፣ ወላሂ። ከፈለግህ ግድግዳውን ላስፈርስልህ...» ሻንጣውን ሲያነሣ ሹራቡን ከአልጋው ላይ አንሥታ ዘረጋችለት። «ይሄንን እንኳ ልበስ፣ ልጄ። ንፋስ ነው።»

ተቀበላት። አልለበሰውም፤ የተሰነጠቀችውን ሣጥን እንደ ሕፃን ጠቀለለበትና፣ ሃይላይን በዓይኑ ጠርቶ ወጣ።