ፊሽካ ያልተነፋለት ዋንጫ

የግራር በር ከተማ የዋንጫ ጨዋታ ከተጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ እስካሁን አላለቀም። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር አንድ ለአንድ ናቸው። የቀኝ ተመላላሹ ቦርጭ አውጥቷል፣ አጥቂው ሸብቷል፣ ዳኛው ጋሼ ነገደ ግን ፊሽካቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ይሮጣሉ። ሲመሽ ሁሉም በቆመበት ያሸልባል፤ ሲነጋ ካቆመበት ይቀጥላል።

የሻረግ የላይ ሰፈሩ በረኛ ሚስት ናት። በየቀኑ ምሳ ይዛ ትሄዳለች። ባሏ ቦጋለ ዓይኑን ከኳሷ ሳይነቅል አፉን ይከፍታል፣ እሷ በመረቡ ቀዳዳ ታጎርሰዋለች።

«ብላ እንጂ! ኳሷ እንደሆነች አትመጣም።»

እውነቷን ነው፤ አትመጣም። ቤት ደግሞ አልጋቸው በአንድ ጎኑ ብቻ ጎድጉዷል። የሻረግ ጠዋት ጠዋት ያንን ታያለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንዲት ሪጎሬ፣ በፍጹም ቅጣት ምት ሰበብ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ዱላ ተማዘዙ። ሽማግሌዎች ሜዳ ገቡ። ደም ሳይፈስ አስታረቁና ሜዳ ላይ ያለውን ተጫዋች ሁሉ «አንዱ ሰፈር ከሌላው ላይበልጥ» አስብለው አስማሉ። እሰየው! ዋንጫ ያለ አሸናፊ እንደማያልቅ ብቻ ረሱ። ጋሼ ነገደ ሕጉንም አዩ፣ መሐላውንም አዩ። «እንግዲያው ይቀጥላል» አሉ። ቀጠለ።

ከመሐላው ያመለጠ አንድ ሰው ነበር፤ የላይ ሰፈሩ አማካይ ሽብሩ ወልደየስ። ያ ሰው ኳስ ሲያቀብል ለአራስ አጥሚት እንደሚያቀብል ነው፤ ጠብ አይልም። ከጠቡ በፊት ጉልበቱ ተጎድቶ ተቀይሮ ወጥቶ ነበር። ጉልበቱ ሲድን ምርጫ ተወዳደረ። ላይ ሰፈር ልጃችን ነው ብሎ መረጠው፤ ታች ሰፈርም አቀበለ እንጂ በራሱ እግር አላገባብንም ብሎ መረጠው። አሁን የክልል ምክር ቤት አባል ነው። ከረባት ያስራል፣ «የተከበሩ» ይባላል።

መራጮቹን ሊያወያይ የመጣ ዕለት የሻረግ ከአዳራሹ መሀል ብድግ አለች።

«የተከበሩ ሽብሩ፣ ባሌን መልስልኝ!»

«እታለም፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።»

«በሂደት ላይማ ነው፣ እየሮጡ አይደል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽብሩም ሳቀ።

«እሺ፣ ምን ላድርግልሽ?»

«አንተ አልማልክም። ግባና አንዷን አግባ፣ ይለቅልን።»

አዳራሹ አጨበጨበ። በተጨበጨበበት ነገር ደግሞ ሽብሩ እምቢ ማለት አይሆንለትም።

ቅዳሜ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከቶ፣ ከረባቱን ሳይፈታ መስመሩ ላይ ቆመ። ጋሼ ነገደ ጨዋታውን አስቆሙ።

«የወጣ ሰው በሌላ ሜዳ አይመለስም፤ እዚህ ግን ቤቱ ነው። ብቻ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ማን ይውጣ?»

«በረኛው!» አለች የሻረግ።

«ጎሉንስ ማን ይጠብቃል?»

«ከመሐላው ወዲህ ማን ሞክሮ ያውቃል ጋሼ? ሌባ በሌለበት አገር ዘበኛ ምን ይሠራል!»

ጋሼ ነገደ አሰቡት። ልክ ናት አሉ። ቦጋለ እየተንገዳገደ ወጣ፤ የሻረግ ነጠላዋን ደረበችለት።

ኳሷ ለሽብሩ ደረሰች። መንገዱን ሁሉም ለቀቀለት። የታች ሰፈር በረኛ ራሱ ደክሞታልና ከጎሉ ፈቀቅ አለ። ላይ ሰፈር «አግባ!» እያለ ጮኸ። ታች ሰፈር ዓይኑን ተከለበት። ሽብሩ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። በሁለቱም በኩል የተቀመጡት መራጮቹ ናቸው። ምርጫውም ቀርቧል። ዞረና ኳሷን ወደ ኋላ፣ ወደ መሀል ሜዳ አቀበለ። ጠብ አላለችም። ሁለቱም ሰፈሮች ቆመው አጨበጨቡ።

ከዚያ ወዲህ እዚያው ነው። ምክር ቤቱ ወንበሩን ሜዳ ድረስ ላከለት። ድምፅ ለመስጠት እጁን ባወጣ ቁጥር የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ያነሳል።

የሻረግ ግን የሽብሩን መጨረሻ አልጠበቀችም። ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ ቤት ሄደች። መንገድ ላይ ስለ አልጋው ነገረችው፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ነገረችው፣ ብቻዋን ሳቀች። ቤታቸው ሲደርሱ ቦጋለ ቀድሞ ገባ። ገባና ዞረ። በሩ መሀል ቆሞ ጉልበቱን ሰበር አደረገ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ቦጌ፣ እኔ እኮ ነኝ። አሳልፈኝ።»

«ራቅ በይና ምቺ» አላት።

ዞር አለች። ከመንገዱ ጫፍ አንድ ነጭ የኖራ መስመር ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ገና እርጥብ ነው። ፍየሎች ገለል ብለው አሳለፉት። በእግሮቿ መሀል አልፎ ደጃፏ ላይ ቆመ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጎረቤቶቿ በየአጥሩ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሁሉም የሚያዩት ቀኝ እግሯን ነው።