የነጋዴው ቤት ደረጃ

ከህንድ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት፣ ጥር 2009 ላይ፣ ዓብዱልሀሚድና ባለቤቱ ሰውዳ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉን እንጅባራ ቤታችን መጡ። ባለቤቴ እመቤት የልቧን ቫልቭ አስቀይራ ነው የተመለሰችው። ዓብዱልሀሚድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሱቁ እኔ የቀርከሃ ወንበር ከምሠራበት ቦታ ፊት ለፊት ስለሆነ ሃያ ዓመት ያህል ስንተያይ ኖረናል። እሱም በሽታው ያው የልብ ነው። ባለፈው ክረምት ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል ብለው ወረቀት ጽፈውለት ነበር፤ ወረቀቱን ከተቀበለ ጀምሮ ግን ወሬውን እንኳ መስማት አይፈልግም። ሰውዳ ይዛው የመጣችው ለምን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

«እስኪ ስለ ቀዶ ጥገናው አጫውቱት» አለች ገና ከመቀመጧ።

«እኔ መቼ ስለ እሱ ጠየቅሁ?» አለና ዓብዱልሀሚድ ወደ እኔ ዞረ። «ይሄነው፣ ሌላ ምን አያችሁ? ያን ያህል አገር ተሂዶ ሆስፒታል ብቻ ታይቶ አይመጣም።»

እኔ ሰው ሲያወራ መስማት እንጂ ማውራት ብዙም አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን ጠያቂው እሱ ነበርና ዝም ማለት ከበደኝ።

«የነጋዴ ቤት አየን» አልሁት።

ነጋዴ ሲባል ቀና አለ።

እመቤት በተሠራላት በአምስተኛው ሳምንት ሐኪሙ «ድናለች፤ አሁን ትንቀሳቀስ፣ ደረጃም ትውጣ» አለን። እሷ ግን ደረጃ ስታይ ፊቷን ታዞር ነበር። አይፈረድባትም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የምታወጣውን አጭር ዳገት ሦስት ጊዜ ሳታርፍ ወጥታት አታውቅም፤ እኔም ከኋላዋ ሆኜ አብሬያት ሳርፍ ነው የኖርሁት። ልቧ ቢድንም እግሯ ገና አላመነም።

ሀዲያ የምትባል የጫግኒ ልጅ፣ እዚያ አገር ለከፍተኛ ትምህርት የሄደች መምህርት፣ ከሐኪሞቹ ጋር የምታነጋግረን እሷ ነበረች። «ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ» ብላ በባቡር ጄሳልሜር ወሰደችን። በረሃ መካከል ያለች ከተማ ናት፤ ድንጋይዋ የደረሰ ስንዴ ይመስላል። በግመል ሐር እያመላለሱ የከበሩ ነጋዴዎች አራት አምስት ፎቅ ቤት ሠርተውባታል። ጠባብ መንገድ ይዘን ስንሄድ አንድ በር ፊት ደረስን። መቃኑ፣ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ያልተቀረጸ ቦታ የለውም። ጫማዬን አወለቅሁ፤ አማተብሁና መቃኑን ተሳለምሁ።

«ተንበርክኮ ነበር» አለች እመቤት፣ ወሬዬን አቋርጣ።

«አልተንበረከክሁም። ጎንበስ ነው ያልሁት።»

«ሀዲያ እኮ ከኋላህ ‹ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ የነጋዴ ቤት ነው› ስትልህ አልሰማሃትም።»

ዓብዱልሀሚድ ሳቀ። «በል ነገ የእኔንም ሱቅ ተሳልመህ ግባ» አለና ሳቁ ትንፋሽ አሳጣው። ደረቱን ይዞ እስኪመለስለት ድረስ ሁላችንም መሬት መሬት እያየን ጠበቅነው።

«ከዚያስ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

ከዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ ብድግ አሉ። ቤቱን ያሠራው ነጋዴ የልጅ ልጅ ናቸው። ተቆጡ ብዬ ስፈራ እጃቸውን አጋጥመው እጅ ነሱኝ። «ፎቶ የሚያነሳ ሞልቷል፤ የአባቶቼን ደጅ የሚስም ግን አይቼ አላውቅም» ማለታቸውን ሀዲያ ነገረችኝ። ለጎብኚ የማይከፈተውን የላይኛውን ፎቅ፣ እናታቸው ይቀመጡበት የነበረውን ክፍል፣ ለሁለታችንም ሊያሳዩን ቁልፍ አወጡ።

ደረጃው ጠባብ ነው፣ ሽቅብ የቆመ፣ ጨለም ያለ። «አትችልም በያቸው፤ እግዜር ይስጥልን» አልኋት ሀዲያን። ሽማግሌው ግን በሩን ከፍተው ይዘው ቆመዋል። እመቤት ደግሞ ሽማግሌ አክብሮ የጠራትን እንቢ ማለት አታውቅም። «ሁለት ሦስቱን ልውጣላቸውና እመለሳለሁ» ብላ ግድግዳው ላይ የታሰረውን ገመድ ያዘች።

እኔ እንደ ልማዴ እጄን ዘርግቼ ከኋላዋ ሆንሁ። ጥቂት እንደወጣን፣ እዚህ ላይ ታርፋለች ብዬ ቆምሁ። እሷ አልቆመችም። ጥላዋ ዞረና ከዓይኔ ጠፋ፤ እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ቆይቶ ከላይ «ምን ሆነሃል? ና እንጂ» የሚል ድምፅ መጣ። መሄድ አቃተኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጋቢዬን ፊቴ ላይ አደረግሁና «ተመስገን» አልሁ።

ስወጣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገደኛውን ታያለች። መስኮቱ ከድንጋይ ነው፤ እንደ ወንፊት በስተውታል፤ የቀዳዳዎቹ ቅርጽ እኔ ቀርከሃ ስሠራ ከማወጣው ቅርጽ ጋር አንድ ነው። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ እነሱንም ማን እንዳስተማራቸው እንጃ። በእጄ ዳሰስሁት። እመቤት አጠገብ ስቀመጥ ትንፋሿ እንደ ድሮው ሲቆራረጥ አይሰማም ነበር።

እዚህ ላይ ወሬዬን ጨረስሁ። ዓብዱልሀሚድ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

«ደረጃው ስንት ነው?» አለ።

«ሃምሳ ሁለት» አለች እመቤት። «ስወርድ ቆጠርሁት።»

«አላረፍሽም?»

«ያረፈስ እሱ ነው።»

ከዚያ ወደ እሷ ሳያይ፣ «ሲከፍቱሽ ያማል?» አላት። ሰውዳ የሻሿን ጫፍ ጨበጠች።

እመቤት ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «ሲከፍቱኝ አልሰማሁም። ስነቃ ግን ያማል፤ አልዋሽህም። አንድ ሳምንት መሳቅ አልቻልሁም፣ ሲያስለኝማ ትራስ አቅፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረ ሰው ተነስቶ የሄደ መሰለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሰውዳ ቀስ ብላ።

«ያችን ወረቀት የት አደረግሻት?» አላት ባሏ።

ሰውዳ ቦርሳዋን ከፈተች። ይዛት ነው የመጣችው። ዓብዱልሀሚድ አየት አደረጋትና አጣጥፎ ኪሱ ከተታት። «ሰውዳ ሱቁን ትያዝ» አለ። «ግን ብቻዬን አልችልም። ይሄነው፣ ገና መምጣትህ ነው፤ እንዴት ብዬ...»

«አብሮህ ይሄዳል» አለች እመቤት፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ሰውዳ ዓይኗን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ የነጋዴው ቤት ያለበት አገር በረሃ ነው አላችሁ፤ ወፍራም ልብስ ልያዝለት ወይስ ይቅር?»

«ያዢለት» አልኋት። «ቀን ነው እንጂ ሙቀቱ፣ ሲመሽ እንደኛ አገር ይበርዳል።»

ቀኑ እስኪመሽ ድረስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ስንነጋገር ቆየን።