አንድ በወጉ የተለጠፈ ታግ

ወንድሜ በዕድሜው ሙሉ በወጉ ታግ የለጠፈበት ፋይል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ የሐዘን ፖስተር ነው። አልሞትኩም፣ ይኸው እያወራሁ ነው። ፖስተሩ ግን ከእኔ ቀድሞ ተሰናድቶ፣ ፎቶው ተመርጦ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ ተቀምጦልኛል።

እኔና ጋሼ የዲዛይን ቤት አለን። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። የሚበልጠኝ በጥቂት ዓመት ቢሆንም እማዬ "ታላቅሽን በስሙ እንዳትጠሪው" እያለች ስላሳደገችኝ ጋሼ እንዳልኩት ቀረሁ። እሱ ደግሞ ሚጣ ይለኛል። አርባን ተሻግሬም ሚጣ ነኝ። ደንበኛ ሲመጣ "ሚጣ፣ ነይ አሳያቸው!" ብሎ ይጣራል፤ ሰውየው ኮረዳ ሲጠብቅ መነጽር ያጠለቀች ባለ ሽበት ሴትዮ ከጓዳ ብቅ ትላለች።

"አለን" ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቤቱን ስንከፍት ኮምፒውተሩ የእኔ፣ ሙያው የእኔ፣ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞችም የእኔ ነበሩ። እሱ ይዞ የመጣው አፉን ነው። አፍ ቀላል ነገር አይደለም፣ አልንቀውም፤ እኔ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። ግን አፉ ቀስ እያለ ቤቱን ዋጠው። መጀመሪያ "ከእኅቴ ጋር የከፈትነው ቤት" ይል ነበር። ከዚያ "የከፈትኩት ቤት፣ እኅቴም ታግዘኛለች" ማለት ጀመረ። በኋላ በኋላ እኅት የምትባለውም ከወሬው ወጣች።

አሁን ስለ ታግ፣ ፋይል ላይ ስለሚለጠፈው መለያ ቃል፣ ልንገራችሁ። እኛ ቤት ለአንድ የሳሙና ካርቶን ብቻ መዓት ረቂቅ ይወጣል። ደንበኛው ዛሬ ሰማያዊ ይላል፣ ነገ አረንጓዴ ይላል፣ ከነገ ወዲያ ሚስቱን አማክሮ ወደ ሰማያዊው ይመለሳል። ጋሼ ፋይሉን ሲያስቀምጥ "የመጨረሻ" ብሎ ይሰይመዋል። ሲታረም "የመጨረሻ ሁለት" ይሆናል፣ ቀጥሎ "እውነተኛው የመጨረሻ"፣ ቀጥሎ "ይኼኛው ነው"። አንድ ጊዜማ "በማርያም ይኼኛው" የሚል አግኝቼ ስስቅ ዋልኩ። ሳቁ ብዙም አልቆየ፤ የተሳሳተውን "የመጨረሻ" ወደ ማተሚያ ቤት ልኮ አንድ መኪና ሙሉ ካርቶን ተጣለ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ በፎልደሩ ሁሉ ላይ ታግ የለጠፍኩት። የደንበኛው ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ ከዚያም ሥራው የደረሰበት ደረጃ በቀለም ተለይቶ፦ ረቂቅ ቢጫ፣ ይታረም ቀይ፣ የጸደቀ አረንጓዴ፣ የታተመ ግራጫ። የጸደቀ የሚባለው ደንበኛው በዓይኑ አይቶ እሺ ያለው ብቻ ነው፤ በዚህ ቀልድ አላውቅም። በፍለጋው ሳጥን ሁለት ቃል ስትጽፉ ከዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ መሃል የፈለጋችሁት ብቻ ከች ይላል። ጋሼ "የሚጣ ጌጣጌጥ" እያለ ያሾፍ ነበር። ለጥፍ ብዬ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ባኮርፍ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ፋይል ሲቸኩልበት ግን በእኔ ጌጣጌጥ ነው የሚፈልገው።

አምና ታመምኩ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ቁስሉ አመረቀዘና መርዙ ደሜ ውስጥ ገባ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡኝ። ጋሼ በየቀኑ እየመጣ እጄን ይዞ "ምንም አትሆኚም ሚጣ፣ እኔ እያለሁ" ይለኝ ነበር። እንባው እውነተኛ እንባ ነበር፣ ይህን አልክድበትም። በሐኪሞቹ ግምት ሳይሆን በፈጣሪ ቸርነት ተነሣሁና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

እንደተመለስኩ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ የእሽጎቹን ዲዛይን በሙሉ ለእኛ ሊሰጥ እንደሆነ ሰማሁ። ለፋብሪካው ሰዎች የሚሰጥ የድርጅት ፕሮፋይል እየተዘጋጀ ነበር። ገልጬ ሳየው ጋሼ ሙሉ ገጽ ይዞ ፈገግ ብሏል፤ ከሥሩ "መሥራችና ሥራ አስኪያጅ" ይላል። እኔ የለሁም። ከኋላ የተዘረዘሩት ሥራዎች አብዛኞቹ የእጄ ሥራዎች ናቸው፣ እኔ ግን የለሁም።

"ጥሩ ፎቶ አጣንልሽ" አለኝ። "የታመመ ፊት ደግሞ አይወጣም።"

እሺ፣ ፎቶ ከሆነ ችግሩ ፎቶ እፈልጋለሁ ብዬ በፍለጋው ሳጥን "ሚጣ" ብዬ ጻፍኩ። የራሴን ንድፎችና ፎቶዎች የማስቀምጠው በዚህ ታግ ነው። ንድፎቼ ተደረደሩ። ከመሃላቸው አንድ የማላውቀው ፋይል አለ፣ ባለ አረንጓዴ። ታጎቹ "ሚጣ"፣ "ፖስተር"፣ "ሐዘን"፣ "የጸደቀ" ይላሉ። መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር፣ ትስቁብኝ ይሆናል፣ ደስታ ነው። ተመስገን፣ ስንት ለፍቼ ተማረልኝ አልኩ። ከዚያ ከፈትኩት።

ፎቶው ቤቱን የከፈትን ዕለት በር ላይ የተነሣነው ነው። ከጎኔ ጋሼ ቆሞ ነበር፣ ቆርጦ አውጥቶታል። አቆራረጡ ግን ያው የእሱ ነው፤ ትከሻዬ ላይ የነበሩ ጣቶቹ እዚያው ቀርተዋል። ከሥሩ ሚጣ ሳይሆን ሙሉ ስሜ በደማቁ ተጽፏል። ከስሜ ሥር "የድርጅቱ መሥራችና ዋና ዲዛይነር" ይላል። ከዚያ "ነፍስ ይማር"። ቀኑን ባዶ ትቶታል።

ፕሮፋይሉን ከጎኑ ከፈትኩት። የጋሼም ፎቶ የዚያው ዕለት ነው። አንድ ክንዱ ወደ ጎን ተዘርግቶ የገጹ ጠርዝ ላይ ይቆረጣል። ሁለቱን ፋይሎች ስክሪኑ ላይ ሳጠጋጋቸው ክንዱ ከጣቶቹ ጋር ገጠመ። ጥሩ ፎቶ አጣሁ ያለኝ ሰውዬ አንዱን ፎቶ ለሁለት ከፍሎ የእሱን ቁራሽ ለሥራ፣ የእኔን ለቀብር አድርጎታል።

ጋሼ ስልክ እያወራ ሲገባ ጠብቄ ስክሪኑን አዞርኩለት።

"ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

ስልኩን ዘጋና አየው። "ውይ ሚጣ! ይኼን ደግሞ ከየት ጎትተሽ አወጣሽው?"

"ታግ ለጥፈህበት ነዋ። ስንት ዓመት ለምኜህ በዚህ ጀመርክ?"

"እንደሱ አትበይ። ሐኪሞቹ ያሉንን አንቺ አልሰማሽም። ድንገት ሲመጣ እንዳንደናበር ብዬ ነው። ሰው ይዘጋጃል እኮ።"

"በእሱ አልተቀየምኩም።"

"ታዲያ በምንድን ነው?"

"መሥራች ይላል።"

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"እዚህ ላይ መሥራች ነኝ፣ ፕሮፋይሉ ላይ ግን የለሁም። ስሞት የምትሰጠኝን በቁሜ ስጠኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"

"ሚጣዬ፣ ሥራ ነው እኮ ይኼ። ሰዎቹ ሁለት መሥራች ሲያዩ ከማን ጋር ነው የምንዋዋለው ይላሉ፣ ነገር ይበዛል። የሞተ ሰው ሲሆን እኮ…" ብሎ አፉን ያዘ።

"የሞተ ሰው ፊርማ አይጠየቅም፣ አይደል?"

"እንደዚያ ልል አይደለም።"

"የጸደቀ ይላል ደግሞ። ማን ደንበኛ አይቶ ነው ያጸደቀው?"

ራሱን አከከ። "እማዬ ናት። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ በስልኬ አሳየኋት። መሥራች ብለህ ጻፍ ያለችኝም እሷ ናት።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በንዴቴ ውስጥ አንድ ትንሽ ደስታ ነበረችኝ፤ ቢያንስ ብቻውን ሲሆን እውነቱን ጽፏል የምትል። እሷንም ቀማኝ። ፊቴን አይቶ መሰለኝ ከአንገት በላይ ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፣ ያንኑ ትከሻ። "እሺ በቃ፣ አስገባሻለሁ። ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ከመውሰዴ በፊት። ከሰዓት ሰዎቹ ሲመጡ ስምሽን ያዩታል፣ ደስ ይበልሽ።"

ከሥራ ስወጣ እማዬ ጋ ጎራ አልኩ። አልጋዋ ላይ የታጠበ ልብስ ከምራ እያጣጠፈች ነበር። ፖስተሩን አየሁት ስላት እጇ ቆመ።

"መጀመሪያ የጻፈው 'ተወዳጅ እኅት' የሚል ነበር" አለችኝ። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ልጄ ከአፈር አንሥታ ያቆመችው ቤት ነው፣ ስሟን ሳትይዝ አትቀበርም አልኩት።"

"አሁንም እንደዚያው በይልኛ፣ እማዬ። አንድ ቃል ነው።"

"አሁንማ ምን ብዬ? ያኔ እያለቀስኩ ነበር፣ ለምታለቅስ እናት እምቢ አይባልም። አሁን ይኸው ድነሽልኛል። ተመስገን በይና ቻይው። ወንድምሽ አይደለም እንዴ? ነገ ብትወድቂ የሚያነሣሽ እሱ ነው።"

"እንድትናገሪልኝ መሞት አለብኝ ማለት ነው?"

"አፍሽን ያዢ!" ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ምን እላታለሁ? የአንሶላውን ሌላኛ ጫፍ ይዤ አብሬያት አጠፍኩና ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ጋሼ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ሥራውን ጨርሶ ማተሚያ ቤት ሄዷል። የላከውን ፕሮፋይል ከፈትኩት። ያው ፈገግታ፣ ያው "መሥራችና ሥራ አስኪያጅ"። እኔ የለሁም። ይህን ጠብቄው ነበር ማለት እችላለሁ። ያልጠበቅኩት ሌላ ነው።

"ሚጣ" ብዬ ጻፍኩ። ፖስተሩ አለ፣ ግን የዛሬ ጠዋት ተነክቷል። ትከሻዬ ላይ የነበሩት ጣቶች ጠፍተዋል፤ የሹራቤን ጥለት እየገጣጠመ በትዕግሥት ሞልቶባቸዋል። እንዲህ አጥርቶ መሥራት እንደሚችል አላውቅም ነበር። ከስሜ ሥር ያለውም ተቀይሯል። "የድርጅቱ የረጅም ጊዜ ሠራተኛ" ይላል። ታጎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። አረንጓዴዋም እንዳለች ናት።

ቢያጠፋው ኖሮ አፈረ እል ነበር። አላጠፋውም፣ አረመው። መሞቴ መቼም አይቀርም፣ ያን ቀን ስሕተት እንዳይወጣ ብሎ አረመኝ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሆኜ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ዓይኔን ጠረግኩና አሰብኩ። ሠራተኛ ሲለቅ የራሱን ዕቃ ሰብስቦ ይወጣል። የእኔ ዕቃ ምንድን ነው? ፋይሎቹ የቤቱ ናቸው፣ አንዱንም አልነካሁም። ታጎቹ ግን የእኔ ናቸው። ፎልደሮቹን በሙሉ መረጥኩና "ታግ አስወግድ" የሚለውን ነካሁ። ፕሮግራሙ "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ቤት አንቱ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ቢጫና ቀይ የእኔ ዓመታት ነበር፣ ከጋሼ ይልቅ የምቀጣው ራሴን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ነኝ አልኩት። አንድ ፋይል ብቻ ከነታጎቿ ተውኩ። ኩባያዬንና ወንበሬ ላይ የተንጠለጠለውን ሹራቤን ይዤ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጓል፣ ከኋላው ሰዎች ይሰማሉ።

"ሚጣ፣ ምን አደረግሽ? ሰዎቹ ፊቴ ተቀምጠዋል። ያለቁ ሥራዎችን አሳየን ብለውኝ በትልቁ ስክሪን 'የጸደቀ' ብዬ ብፈልግ አንቺ ብቻ ነሽ የምትመጪው!"

"ሌላ የጸደቀ የለማ።"

"እባክሽ ቶሎ ነይ…"

ወዲያው ከኋላው አንዲት ሴት "ውይ!" ስትል ሰማሁ። "ነፍስ ይማር፣ ገና ወጣት ናት እኮ። ሠራተኛችሁ ነበረች?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጋሼን በልቤ ለመንኩት። "አይ፣ እኅቴ ናት፣ በሕይወት አለች" ቢል በዚያች ደቂቃ ታክሲ ይዤ ሄጄ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አወጣለት ነበር። መሥራች ይበል አላልኩም፤ አለች ይበል ብቻ።

"አዎ" አለ ጋሼ። "ሠራተኛችን ነበረች።"

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አሉት፣ ወንበር እየተንኳኳ፣ ሁሉም በየተራ።

"አሜን" አለ።