የኡቢ የፍርሃት ፈተና

ሬስቲ መጮህ አትችልም። እናቷ ቤት ውስጥ መኖሯን ለማረጋገጥ ክፍሏን ከፍታ የምታያት ዓይነት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ከባንጃርማሲን ከተማ መጥታ ኦራንጉታን የሚባሉት ትልልቅ የዛፍ ዝንጀሮዎች በሚሠለጥኑበት የጫካ ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ስትመደብ ግን የመጀመሪያ ሥራዋ መጮህ ሆነ። እናት የሌላቸው ግልገሎች እባብ መፍራትን የሚማሩት ከሞግዚታቸው ነው፦ የጎማ እባብ መሬት ላይ ይጣላል፤ ሞግዚቷ እሪ ብላ ትሮጣለች፤ ግልገሉም አይቶ ይከተላታል።

ለሬስቲ የተሰጣት ኡቢ የሚባል የስድስት ዓመት ወንድ ግልገል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ እባቡ በተጣለ ቁጥር «ኡይ» አለች፤ የሰው እግር ረግጣ ይቅርታ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። ኡቢም እባቡን አንገቱ ላይ መጠምጠም ለመደ። ሲተኛ ይንተራሰዋል።

ዛሬ የመጨረሻው ፈተና ነው። ካለፈ ቀትር ላይ በጀልባ ወንዙ መካከል ወዳለው ደሴት ሄዶ ነፃ ይለቀቃል፤ ከወደቀ እስከ መጪው ዓመት የብረት ፍርግርግ ውስጥ ይቆያል።

ፈታኙ የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ሄንድሮ እባቡን ግንድ ላይ አጋደመና ብዕሩን አወጣ።

«እባብ... ነው መሰለኝ» አለች ሬስቲ።

ኡቢ እባቡን አንስቶ አቧራውን አራገፈና አንገቷ ላይ ጣል አደረገላት።

የሞግዚቶቹ አለቃ እትዬ ላሚያንግ ወገባቸውን ይዘው መጡ። «አንቺ ልጅ፣ ጨው አቀብሉኝ እያልሽ ነው ወይስ እባብ አይተሽ ነው?»

ሬስቲ አንገቷን ደፍታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ኡቢም አንገቱን ደፍቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ዶክተሩ ቀና አለ። «እስቲ ደግመው ይቅረቡ፣ እትዬ።»

ቀረቡ። ሁለቱም አፈገፈጉ።

«ምን አድርጌያቸው ነው?» አሉ እትዬ ቅር ብሏቸው። «ጠዋት እኮ ለሁለቱም ሙዝ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ!»

«እሱ የሚፈራው እሷ የምትፈራውን ነው» አለ ዶክተሩ። «እባቡን ይያዙልኝ።»

«እኔ ጭራቅ ነኝ እንዴ?»

«ለኡቢ ሲሉ።»

እትዬ ላሚያንግ ዶክተሩ ከሬስቲ አንገት አውርዶ ያቀበላቸውን እባብ ጨብጠው ከፍ አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጡጦዎቹን ሳያጥብ የሄደ ማነው?»

ከሬስቲ ውስጥ ራሷም የማታውቀው ጩኸት ወጣ። ወንዙ ማዶ ያሉ ወፎች ተነሡ። ስትሮጥ አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ኡቢ ቀድሟት ዛፍ ጫፍ ደርሷል።

ኡቢ አሁን እባቡንም ይፈራ እንደሆነ ለማየት እትዬን ወጥ ቤት አስገቧቸው። ዶክተሩ እባቡን ብቻውን ግንዱ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ሙዝ አኖረ። ኡቢ ሙዙን አየ፤ እባቡን አየ፤ ቅርንጫፍ ገንጥሎ እባቡን ወገረው እንጂ አልወረደም። ዶክተሩ «አልፏል» ብሎ ጻፈ።

ሬስቲ ራቅ ካለ ዛፍ ሥር ሆና ጠራችው። ወርዶ እጇን ይዞ እስከ ጀልባው መጣና የመጓጓዣውን ሳጥን ሲያይ ቁጭ አለ። በሙዝ ለመኑት። በማር ለመኑት። ንቅንቅ የለም።

«ውሃው እየጎደለ ነው» አለ ጀልባ ነጂው ሞተሩን እያስነሳ። «ካልገባ ትቼው ነው የምሄደው።»

ይኼኔ ከወጥ ቤቱ መስኮት እንባ ያነቀው የእትዬ ላሚያንግ ድምፅ ተሰማ። «ኡቢዬ! የኔ ጌታ! በሰላም ግባልኝ!»

ኡቢ ዘሎ ሳጥኑ ውስጥ ገባና በሩን ራሱ ከውስጥ ሳበው።

መዝጋት ግን አልቻለም፤ የሬስቲም አንድ እግር አብሮ ገብቶ ነበር። ዶክተሩ በሸሚዟ ጎትቶ አወጣት።