አፉን የዘጋው ተራራ

ቶላጉር የእህቱን ልጅ ቶኪሮምን ሲያየው ምራቁ ይመርርበታል። እንዳይጠላው ደግሞ አልሆነለትም። በእነሱ አገር መሬት ለእህት ልጅ እንጂ ለገዛ ልጅ አይወርድም። ቶኪሮም ባሕር ማዶ ኮኮናት ሲለቅም ኖሮ ከተመለሰ ወዲህ አጎቱን የሚያየው በሕይወት እንዳለ ሰው አይደለም።

«አጎቴ፣ ወገብዎ አልደከመም? መቆፈሪያውን ይስጡኝና ይረፉ እንጂ!» ይለዋል፣ ሰው በተሰበሰበበት።

መሬቱ ከተራራው ጎን ያለው ጥቁር አሸዋ ነው። የዱር ዶሮዎች እንቁላላቸውን እዚያ ቀብረው ይሄዳሉ፤ የአሸዋው ሙቀት ይፈለፍልላቸዋል። ሰው ክንዱ እስኪሰወር ቆፍሮ ያወጣል። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ የሚገባበት አይታወቅም ይባላል። ቶላጉር ግን ዕድሜውን ሙሉ አርቆ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው።

በዚያ ሰሞን ከተራራው አናት ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ጭስ ቀረ። ዶሮዎቹም ጠፉ። የመንደሩ ሰው ምንጣፉንና ድስቱን ተሸክሞ ወደ ታንኳዎቹ ወረደ። ቶኪሮም ባሕር ዳር ቆሞ ሳቀባቸው።

«እኔ በነበርኩበት ደሴት ተራራው እሳት ሲያፈስ ሙዝ ጠብሰንበታል! እንደ ሰከረ ሽማግሌ እየተንፏቀቀ ነው የሚመጣው። እናንተ ጭስ ጠፋ ብላችሁ ትሮጣላችሁ?»

ቶላጉር ልዩነቱን ያውቃል። ተራራ የሚመረምሩትን ሰዎች መንገድ ሲመራ ነግረውታል። የዚያኛው ተራራ የቀለጠ ድንጋይ ቀጭን ነው፤ በውስጡ ያለው እንፋሎት ሳይቸገር ይወጣል፣ ድንጋዩም ዝም ብሎ ይፈሳል። የዚህኛው ወፍራም ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። ጉሮሮው ሲደፈን ደግሞ እያጠራቀመ፣ እያጠራቀመ ተራራውን ይቀደዋል። ሾርባ ፍልቅልቅ እያለ ይፈላል፤ ገንፎ ግን አፍኖ ቆይቶ ፊት ላይ ይተፋል። ይህ ደግሞ ክዳን የተገጠመበት ገንፎ ነው።

ለልጁ ይህን መንገር ይበቃ ነበር። ቶላጉር ዋጠው።

«እውነትህን ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «አርጅቻለሁ፣ ፈሪም ሆኛለሁ። መሬቱን ከዛሬ ጀምሮ ሰጥቼሃለሁ። ሂድ ቆፍር።»

«ሰማችሁ? ምስክር ናችሁ!» ቶኪሮም መቆፈሪያውን ትከሻው ላይ ጣለ። «እንቁላል ጠብሼ እጠብቃችኋለሁ፣ ፈሪ ሁላ!»

ልጁ ዳገቱን ሲወጣ ቶላጉር ጀርባውን አየ። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ታንኳው ውስጥ ገብቶ ከአጠገቡ ለኢያሬዋይ ቦታ ያዘላት። ሬዋይ የሚላት ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በዚህ ዓለም ላይ የሚወደው ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። ሰዎቹ መቅዘፊያ ሲያነሱ ግን አልመጣችም።

«ሬዋይስ?» አላት ጎረቤቷ የሆነችውን ኢያኩቡን።

«ወጣች እኮ።»

«ወዴት?»

«ወዴት ትለኛለህ? የአዲስ መሬት የመጀመሪያ እንቁላል በእናት እጅ ካላረፈ መሬቱ ምኑን ተሰጠ? ቅርጫቷን ይዛ ልጇን ተከተለች።»

ቶላጉር መሬቱን ሲቀበል እናቱ ሞታ ነበር፤ እንቁላሉን የተቀበለለት እጅ አልነበረም። ልማዱ ጨርሶ ከልቡ ወጥቶ ኖሯል።

«አልከለከልሻትም? አንቺ አልከለከልሻትም?»

«ከለከልኳት እንጂ! ሳቀችብኝ። 'ወንድሜ ተራራውን ከሁላችሁ በላይ ያውቀዋል፤ ክፉ ነገር ቢኖር ልጄን አይልከውም' አለች። ደግሞ መልእክት አላት፤ 'ልጄን ይጠላዋል ብዬ ሳማው ኖሬያለሁ፣ ይቅር ይበለኝ' ብላሃለች።»

ቶላጉር ባሕሩ ውስጥ ዘለለ። ውሃው ደረቱ ደርሶ «ሬዋይ! ሬዋይ!» እያለ ሲጮህ ተራራው ተቀደደ። ድምፁን ሰው በጆሮው ሳይሆን በሆዱ ሰማው። የላይኛው አሸዋ፣ ጫካውና መንገዱ በአንድ ጊዜ ጠፉ፤ ጥቁሩ ደመና ቁልቁል እየተንደረደረ ወረደ።

ወንዶቹ በፀጉሩና በክንዱ ጎትተው ታንኳው ላይ ጣሉት፣ ነፍሳቸውን ለማትረፍም ቀዘፉ። አመድ ይዘንብባቸው ጀመር። ቶላጉር ፊቱን እየቧጨረ አለቀሰ።

ኢያኩቡ በምንጣፏ ሸፈነችው።

«አይዞህ» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «መሬትህን በእጅህ ሰጥተኸዋል። እንዳንተ ያለ አጎት የት ይገኛል?»